አሜን ያላለው ድምፅ

በቅድሚያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ እሱም በማታ። ደብዳቤ እንኳ ሲያስፈልገኝ ሰው ለምኜ ነው የማጽፈው። ነጥብ የት እንደሚገባ፣ የትኛው ፊደል የት እንደሚጻፍ በደንብ አላውቅም፤ የተማረ ሰው ቢያየው ይስቅብኛል ብዬ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቴም ቀድጄዋለሁ። ግን የየትምወርቅን ነገር የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንደየአፉ ያወራዋል። አንዱ «ጠንቋይ ዘንድ ሄዳ ሙት አናገረች» ይላል፤ ሌላው «የሴትየዋን ቤት ልትወርስ አስባ ነው» ይላል። እንደሱ አይደለም። እኛ የምንኖረው አንድ ግቢ ነው፤ የሷን ክፍል ከኔ የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው፤ የሆነውንም ራሷ ቁጭ ብላ ነግራኛለች። በሰማሁት ልክ አስቀምጠዋለሁ። ያበላሸሁት ካለ ከእጄ ነው እንጂ ከልቤ አይደለም።

የትምወርቅ ወሎዬ ናት። መቀሌ የመጣችው በሃያ ሦስት ዓመቷ፣ የመንገድ ሥራ ፎርማን የነበረ ባሏን ተከትላ ነው። መንገዱ አለቀ፤ ባሏም ሌላ መንገድ ተከትሎ ወደ ሌላ አገር ሄደ፤ እሷ ቀረች። ዛሬ አምሳ አንድ ዓመቷ ነው። ከሰው ጋር ስታወራ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈን የምታደርግ፣ መንገድም ስትሄድ ዳር ዳሩን የምትሄድ ሴት ናት።

የተከራየችው እትዬ ሰርካዲስ ግቢ ነው፤ ሰሜን ክፍለ ከተማ፣ ወደ ውቅሮ ከሚያወጣው አስፋልት ገባ ብሎ። እትዬ ሰርካዲስ የላስታ ሰው ናቸው፤ መምህር የነበሩት ባለቤታቸው ግን የዚሁ አገር ተወላጅ ነበሩ። በቤታቸው ውስጥ አማርኛ ይነገራል፤ ደጅ ሲወጣ ትግርኛ ይሆናል። ባልየው ካረፉ ብዙ ጊዜ ሆኗቸው፣ የቀራቸው አንድ ልጅ ነበር፤ ሓየሎም። የጭነት መኪና ሹፌር፣ ተጫዋች፣ እናቱን «ሰርክዬ» እያለ የሚጠራ ልጅ። ጦርነቱ ሲመጣ እንደ ብዙዎቹ ሄደ።

ሰላም ወረደ። የሚመለሱት ተመለሱ። ሓየሎም አልመጣም፤ ስለሱም ከየትም በኩል ወረቀት አልመጣም። አንድ እሑድ ተወልደብርሃን የሚባል ጓደኛው በክራንች እየተደገፈ በሩን አንኳኳ። እትዬ ሰርካዲስ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ፤ የከፈተችው የትምወርቅ ናት። ልጁ ግባ ብትለው አልገባም አለ።

«እኔ ነኝ የቀበርኩት» አላት። «እናቱ ፊት ቆሜ መናገር አልቻልኩም። አንቺ ታውቂበታለሽ።»

ይህን ብሎ ሄደ።

በኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ በር ላይ አይጣልም። የሰማ ሰው አፉን ይዞ ለሽማግሌ ይነግራል፤ ሽማግሌ ቀን ይቆርጣል፤ ከዚያ በማለዳ፣ ሰው ወደየሥራው ሳይበተን፣ ተሰብስቦ ይኬዳል። የሚያረዳው አንድ አፍ ቢሆንም የሚደግፉት እጆች ብዙ ናቸው። የትምወርቅም ደንቡን አልሳተችም፤ በዚያው ቀን ለእድሩ ዳኛ ለአቶ ፈለቀ ነገረች።

«ሰርካዲስ ከሆስፒታል ከወጣች ገና ሳምንቷ ነው» አሉ አቶ ፈለቀ። «የደም ግፊቷ ይረጋጋ።»

ግፊቱ ሲረጋጋ ጾም ገባ። ጾሙ ሲፈታ «በበዓል ሰው አይረዳም» ተባለ። ከዚያ ክረምቱ፣ ከዚያ የጎረቤት ሠርግ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት ሞላ። መርዶ ባደረ ቁጥር ይከብዳል፤ ኋላ ላይ የሚያነሣው ሰው ይጠፋል።

እስከዚያው የትምወርቅ ውሸት ለመደች። «እትዬ፣ ከሱዳን በኩል የመጣ ነጋዴ ደህና ነው ብሎኛል፤ ሰላም በሉልኝ ብሏል» ትላለች። እሳቸውም «ተመስገን» ብለው የግፊት ኪኒናቸውን ይውጣሉ። አንዱ ውሸት እስከ ሳምንት ይወስዳቸዋል። ሳምንቱ ሲያልቅ ሌላ ነጋዴ ይመጣል።

እንጀራዋ ደግሞ ዓዲ ሓቂ የሚባለው ሰፈር ነው። ከዩኒቨርሲቲው ጀርባ ወጣቶች የተከራዩት ቪላ አለ፤ እዚያ ታጸዳለች። ወጣቶቹ የሚሠሩት የሚናገር ሮቦት ነው። ዋናዋ ዳናይት ትባላለች፤ ንግግሩን የምታስተምረው እሷ ናት። አካሉን የሚሠራው ኣለምሰገድ ነው። ሮቦቷ የአምስት ዓመት ሕፃን ታህላለች፤ ነጭ የፕላስቲክ ፊት፣ የሚበሩ ሁለት ዓይኖች አሏት። «ሓፍተይ» ነው የሚሏት፤ እኅቴ ማለት ነው። ሐሳባቸው ብቻቸውን የቀሩ አረጋውያን ቤት እየገባች እንድታጫውት፣ መድኃኒት እንድታስታውስ ነው። ብቻቸውን የቀሩ ደግሞ በኛ ከተማ ሞልተዋል።

የትምወርቅ መጀመሪያ ፈርታት ነበር። አንድ ቀን ፊቷን በእርጥብ ጨርቅ ስትጠርግላት ሮቦቷ «ደህና አደሩ» አለቻት።

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንቺስ እንዴት አደርሽ?» አለች የትምወርቅ፣ ከልምዷ።

«ምን ልርዳዎት?»

የትምወርቅ ሳቀች። «ይቺ ልጅ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ ምን ልርዳዎት ትለኛለች? ባንክ ቤት የመጣሁ መሰልኳት እንዴ?»

ዳናይት ከኮምፒውተሯ ብድግ አለች። «ኣደይ» ነው የምትላት፤ እናቴ ማለት ነው። «ኣደይ የትምወርቅ፣ እስኪ ይድገሙልኝ። ምን ማለት ነበረባት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ» ብላ አፏን ሸፈነች።

ግን ታውቅ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ መጥረጊያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ መምህር ሆነች። ደህንነት አንድ ጊዜ ተጠይቆ አይቀርም፤ ሁለተኛው ነው እውነቱን የሚያወጣው አለቻቸው። ትልቅ ሰው ዓይን ውስጥ ትኩር አይባልም፤ ዝቅ ታድርግ፣ አሁን ግን ተበዳሪ እንዳየ ሰው ታፈጣለች አለች። ኣለምሰገድ እየሳቀ የዓይኖቿን ሞተር ፈታ። «እሺ ፕሮፌሰር» ይላታል። «ዛሬስ ምን አጠፋች ልጅቷ?»

አንድ ቀን ሊሞክሯት የጎረቤት ሽማግሌ ጠሩ። ሽማግሌው ስለሞቱት ባለቤታቸው ሲያወሩ ትንፋሽ ሊወስዱ ቆም አሉ፤ ሮቦቷ ዘው ብላ ስለ አየሩ ሁኔታ ጀመረች። ሽማግሌው ከዘራቸውን አንሥተው ወጡ።

«አሳዳጊ የበደላት» አለች የትምወርቅ፣ የምሯን ተቆጥታ። «ትልቅ ሰው ሲናገር አፍ ይዘጋል። ተናግሮ እስኪጨርስ ጭጭ ትበል። ከጨረሰም በኋላ ትንሽ ትጠብቅ።»

«ስንት ሰከንድ?» አለች ዳናይት።

«ሰከንዱን እኔ አላውቀውም። በሆድሽ በስመ አብ እስክትይ።»

ኣለምሰገድ በስመ አብ እያለ በስልኩ ለካ። ሁለት ሰከንድ ተኩል ሆነ። እሱኑ ጻፉ። ከዚያ ወዲህ ሓፍተይ ሰው ሲናገር ትንፍሽ አትልም፤ ሰውየው ዝም ሲል በስመ አብ የሚያህል ጠብቃ፣ በለሰለሰ ድምፅ ትመልሳለች። ያኮረፉት ሽማግሌ ተለምነው መጥተው አንድ ሰዓት ሙሉ አወሯት። ሲወጡ «ጨዋ ልጅ ናት» አሉ። የትምወርቅ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ኮርታ እንደማታውቅ ነግራኛለች።

በዚያው ሰሞን ከታችኛው ሰፈር፣ ሞቷል የተባለ አንድ ልጅ ከሊቢያ ለእናቱ ደወለ። ወሬው ግቢያችን ሲደርስ እትዬ ሰርካዲስ ኪኒናውን ከእጃቸው ላይ መልሰው ሣህኑ ላይ አስቀመጡት።

«የሷ ልጅ ከሊቢያ ከደወለ፣ የኔ ከሱዳን ምን ከለከለው?»

«ኔትወርክ የለማ እትዬ» አለች የትምወርቅ።

«ነጋዴ ሁሉ ያገኘዋል፤ ስልክ ብቻ ነው የማያገኘው? ድምፁን ሳልሰማ አልውጥም።»

አልዋጡም። እህልም ቀነሱ። በአራተኛው ቀን ፊታቸው አበጠ፤ ከአልጋ ሲነሡ ግድግዳ መያዝ ጀመሩ። ከጤና ጣቢያ የመጣችው ነርስ «እንዲህ ከቀጠሉ ሳምንት አይቆዩም» አለች። የትምወርቅ ለአቶ ፈለቀ ልትነግራቸው ሄደች፤ ለቅሶ ሄደው አላገኘቻቸውም። ቆማ አሰበች። ቢነገራቸው ይሞታሉ፤ ባይነገራቸው መድኃኒቱን አይውጡም፤ ይሞታሉ። ያን ጊዜ ነው ስልኳ ትዝ ያላት። የእናቱ ስልክ ተራ ባለቁልፍ ስልክ ስለሆነ፣ ሓየሎም ከመንገድ የድምፅ መልእክት የሚልከው በየትምወርቅ ስልክ ነበር። አሥራ አራት መልእክት ነበራት። «ሰርክዬ፣ ማይጨው ደርሻለሁ፤ ጎማ ፈንድቶብኝ ነው፤ አትቆጪ።» እንደዚህ ያለ።

በማግስቱ ስልኩን ዳናይት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ የምትፈልገውን ተናገረች። ዳናይት ስልኩን ገፋ አደረገችው።

«ኣደይ የትምወርቅ፣ እኔ ሓፍተይን የሠራሁት ሰው ለማታለል አይደለም።»

«አውቃለሁ ልጄ።»

«ይነገራቸው። መርዶው ነው የሚያስፈልጋቸው።»

«እነግራለሁ። አንድ ጊዜ ድምፁን ሰምተው ይዋጡና ትንሽ በርታ ይበሉ፤ ከዚያ እኔው ራሴ ሽማግሌ ይዤ እገባለሁ። በእመቤቴ እምላለሁ።»

ኣለምሰገድ ከወዲያ «ኪኒና አጥተው ከሚሞቱ ተዋሽተው ቢድኑ አይሻልም?» አለ።

«አንተ ዝም በል» አለች ዳናይት። ቆይታ ደግሞ፣ ቀስ ብላ፣ «እኛ ቤትም ገና መርዶ ያልተነገረው ሰው አለ» አለች። ስልኩን አነሣችው።

አራት ቀን ፈጀባት። ከአሥራ አራቱ መልእክት ድምፁን ቀድታ ከሓፍተይ ንግግር ጋር አጋባችው። እንደጨረሰች የትምወርቅን ጠርታ አሰማቻት። ሓየሎም «እንዴት ዋልሽ» አላት። የትምወርቅ መጥረጊያዋን እንደያዘች ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«እርስዎ እንዳስተማሩን ነው ያደረግሁት» አለች ዳናይት። «እናቱ ሲናገሩ አይገባም። ጨርሰው ዝም ሲሉ ብቻ ይመልሳል።»

«እንደሱ ነው ደንቡ» አለች የትምወርቅ።

እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የየትምወርቅ ስልክ ጮኸ። የእትዬ ሰርካዲስ ጆሮ ደከም ስላለ፣ የትምወርቅ ድምፁን ከፍታ አልጋው ላይ አስቀመጠችላቸውና በሩ ጋ ቆመች።

«ሓየሎም?»

«ሰርክዬ፣ እኔ ነኝ።»

እትዬ ሰርካዲስ አልጮኹም። ስልኩን እንደ ሕፃን ራስ በመዳፋቸው ደገፍ አደረጉት። የት እንዳለ ጠየቁት፤ ሩቅ ነኝ፣ ኔትወርክ ያስቸግራል አለ። ትበላለህ ወይ አሉት፤ እበላለሁ አለ።

«ኪኒናዬን አልውጥም አልሽ አሉ። ማን አስቆጥቶሽ ነው?»

ሳቁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲስቁ አልሰማናቸውም። «ሰላይ ቀጥረህብኛል ለካ!»

«ዋጪና ልስማ።»

ዋጡ፤ ሁለቱንም ኪኒና፣ ከግማሽ ዳቦ ጋር። የትምወርቅ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አማተበች። በቃ ተረፉ ብላ ነበር።

እትዬ ሰርካዲስ እንባቸውን ጠርገው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። እናት ልጇን ሳትመርቅ አትሰናበትም።

«እመቤቴ በሄድክበት ትከተልህ።»

«አሜን» አለች የትምወርቅ ከበሩ።

«ክፉ አይይህ።»

«አሜን።»

«እጅህን ይዛ ከቤትህ ታግባልኝ።»

«አሜን» አለች፤ ያን ጊዜ ክፍሉ ውስጥ ያለው አሜን የሷ ብቻ መሆኑን ሰማች።

እትዬ ሰርካዲስም ሰምተዋል። እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። ዝም አሉ። በስመ አብ የሚያህል ጊዜ አለፈ።

«አመሰግናለሁ እናቴ» አለ ድምፁ፣ ረጋ ብሎ፣ በጨዋ ደንብ።

«አንቺ ነሽ አሜን ያልሽው?» አሉ እትዬ ሰርካዲስ፣ ወደ የትምወርቅ ዞረው።

«ኔትወርኩ ነው እትዬ። ቆረጥ ቆረጥ ይላል።»

መለስ ብለው ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «ዕድሜ ይስጥህ ልጄ» አሉት።

ዝም።

«ዕድሜ ይስጥህ ሓየሎም።»

ዝም። ሲጨርሱ ግን «አመሰግናለሁ እናቴ» አለ እንደገና።

እትዬ ሰርካዲስ ስልኩን ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጡት፤ እጃቸውንም በቀሚሳቸው ጠረጉት።

«ተቆጥቶኝ፣ በር ወርውሮ በሚወጣበት ቀን እንኳ» አሉ፣ «ጀርባውን ሰጥቶኝ አሜን ይል ነበር። ምርቃት የሚቀበል ሰው አለው። ይሄ ማነው?»

«እናቴ፣ አለሽ?» ይላል ስልኩ። «እናቴ፣ ትሰሚኛለሽ?»

የትምወርቅ ልታጠፋው ጎንበስ አለች፤ ጣቷ ቦታውን አጣ። ድምፁ ሦስት ጊዜ ተጣራ። በመጨረሻ ዘጋችው።

«መቼ ነው?» አሉ እትዬ ሰርካዲስ።

«እትዬ...»

«ማን ነገረሽ? መቼ?»

«ተወልደብርሃን። ሁለት ዓመቱ።»

እትዬ ሰርካዲስ በጣታቸው የሆነ ነገር ሲቆጥሩ አየች። «አርባው አልወጣ፤ ሙት ዓመቱ አልታሰበ። ልጄ ሁለት ዓመት ያለ ፍትሐት ተኛ? ስለ ነፍሱ አንድ ጧፍ ሳይበራለት? እኔ በሕይወት ጠብቀው እያልኩ ስለት ስሳል፣ አንቺ ከጎኔ ቆመሽ አሜን ትይ ነበር።»

የትምወርቅ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

«ዛሬ አላለቅስም» አሉ እትዬ ሰርካዲስ። «የልጄ መርዶ በዕቃ አይነገርም። ነገ በማለዳ በሥርዓቱ ንገሩኝ፣ እንደ ሰው ልጅ። አንቺ ግን አትግቢብኝ።»

አመሻሽ ላይ የትምወርቅ ሄዳ ለአቶ ፈለቀ ሁሉንም ነገረቻቸው። «በሞተው ልጅ ድምፅ?» አሉ። «አዎ» አለች። መቀመጫቸው ላይ አጎነበሱ። «የቀጠርኩት እኔ ነኝ፤ ቀጠሮው እዚህ አደረሰን» አሉ። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

ዳናይት ደወለች። የሆነውን ስትሰማ ልቅሶ ጀመረች። «እኔ ራሴ ዛሬ ጠዋት እናቴ ስትመርቀኝ አሜን ብያለሁ። ሳላስበው ነው የምለው። እንዴት ሳንጽፈው ቀረን?»

«አሜን በይ ብሎ ያስተማረን የለማ» አለች የትምወርቅ። «ያልተማርነውን ከየት አምጥተን እናስተምራት። አፍ ይዘጋል ያልኳችሁ ደግሞ እኔ ነኝ።»

ከወዲያ የኣለምሰገድ ድምፅ መጣ። «ይጨመርላት፤ ምርቃት ስትሰማ በየመሐሉ...»

«ይኣክል» አለችው ዳናይት በትግርኛ፤ ይበቃል ማለቷ ነው። የትምወርቅ ስልኩን ዘጋች፤ ወደ ቪላውም ተመልሳ አልሄደችም።

በነጋታው ገና ሳይነጋጋ አሥራ ሁለት ያህል ሰው በራችን ላይ ተሰበሰበ። የትምወርቅም ነጠላዋን ዘቅዝቃ ወጥታ ነበር፤ ግን ከደፉ ወዲህ ቆመች። በተከፈተው በር እንዳየችው፣ እትዬ ሰርካዲስ ቤቱን ጠርገው፣ አግዳሚ ወንበሩን በግድግዳው ዙሪያ ደርድረው፣ ለብሰው ተቀምጠዋል። «ምነው በማለዳ? በደህና ነው?» አሉ፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው። አቶ ፈለቀ ቃሉን በሥርዓቱ ተናገሩ። ከዚያ ጩኸቱ ወጣ። ሴቶቹ በግራ በቀኝ ያዟቸው። የትምወርቅ እጆች ነጠላዋ ውስጥ ነበሩ።

ውኃ ከሄደ ሁለት ሳምንቱ ነበር፤ ለለቅሶተኛው ደግሞ ውኃ ያስፈልጋል። ያዘዛት ሰው የለም። ሁለት ቢጫ ጀሪካን ይዛ አስፋልቱ ዳር ቦቴው ወደሚቆምበት ሄደችና ተሰለፈች። ከፊቷ ያለችው ሴት ነጠላዋን አይታ «ማን ሞቶብሽ ነው እኅቴ?» አለቻት።

«ሓየሎም። ያከራዬ ልጅ።»

«ነፍስ ይማር። መቼ?»

«ቆይቷል» አለች የትምወርቅ። ሰልፉ ትንሽ ተነቃነቀ፤ ጀሪካኖቹን በእግሯ ገፋ አድርጋ ተጠጋች።